የዶላር እጥረት የወለደው የእንግሊዝ ጊታር

[ምስል፦ የተከፈተ የጊታር ሳጥን፤ ውስጡ ቀይ ጊታር]

1959 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። ከአሜሪካ አንድ ረዘም ያለ ሳጥን ለንደን ገባ። ሲጠብቁት የከረሙት ልጆች ገና ሃያ ዓመት አልሞላቸውም። ገንዘቡን ያወጣው ዘፋኙ ክሊፍ ሪቻርድ ነው። ጊታሩ ግን የሃንክ ማርቪን ነው፣ ከኋላው ቆሞ የሚጫወትለት ልጅ። ሳጥኑን ከፈቱት። ፌንደር የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው ቀይ ስትራቶካስተር፣ ብረታ ብረቱ ወርቅማ። እንግሊዝ አገር የገባው የመጀመሪያው ስትራቶካስተር ይኸው ነው ይባላል።

እንዴት እንደመረጡት ልንገራችሁ። ልጆቹ ጀምስ በርተን የሚባል አሜሪካዊ ጊታሪስት ያደንቃሉ። ፌንደር እንደሚጫወት ሰምተዋል። የትኛውን ፌንደር? አያውቁም። ካታሎግ አስመጡና አገላበጡ። እንደሱ ያለ ሰው መቼም ርካሹን አይዝም ብለው በጣም ውዱን አዘዙ። በርተን የሚጫወተው ለካ ቴሌካስተር ነው። ርካሹን!

ይህ ስህተት ግን አንድ ነገር ይነግረናል። በዚያ ጊዜ የለንደን ልጅ የአሜሪካ ጊታር የሚያውቀው በፎቶ ነው። በ1957 በወጣው የአሜሪካዊው ዘፋኝ የበዲ ሆሊ ሸክላ ሽፋን ላይ ስትራቶካስተር አለ። ብዙዎቹ ያንን ሽፋን አፍጥጠው እያዩ ነው ያደጉት። በ1958 በዲ ሆሊ ራሱ መጥቶ ዞሮ ተጫወተ፤ የቻለ በዓይኑ አየ። ሱቅ ገብቶ መንካት ግን የለም።

[ምስል፦ የ1940ዎቹ ለንደን፣ የፈረሱ ሕንጻዎች]

ምክንያቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ምንዛሬ ነው። እንግሊዝ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት አሸንፋ ኪሷ ባዶ ሆነ። ከአሜሪካ 3.75 ቢሊዮን ዶላር ተበደረች። የዚያን ብድር የመጨረሻ ክፍያ የከፈለችው በ2006 መጨረሻ ነው፤ አልተሳሳትኩም፣ ሁለት ሺህ ስድስት! ያለችውን ዶላር ለስንዴና ለማሽን ቆጥባ መያዝ ነበረባት። ከ1951 ጀምሮ የአሜሪካ የሙዚቃ መሣሪያ እንዳይገባ ተከለከለ። ክልከላው የተነሣው በ1959 ነው።

መንግሥት ክልከላውን ሲያወጣ ሮክ የሚባል ነገር ገና አልመጣም። ጊታር የሚፈልገውም ሰው ጥቂት ነው። ከዚያ በ1956 ሎኒ ዶነጋን የሚባል ሰው ስኪፍል የሚሉትን ሙዚቃ ይዞ ብቅ አለ። አንድ ጊታር፣ አንድ የልብስ ማጠቢያ ቆርቆሮ፣ ከሻይ ሳጥንና ከመጥረጊያ እንጨት የተሠራ ቤዝ። በቃ፣ ባንድ ሆነ። አገሩ ሁሉ ጊታር ፈላጊ ሆኖ ቁጭ አለ።

ነጋዴ ደግሞ ክፍተት አይቶ አያልፍም። የተከለከለው የአሜሪካው ነው እንጂ የሌላው አይደለም። ከጀርመን ሆፍነር መጣ። ከጃፓን ጉያቶን መጣ፤ እንግሊዝ ሲደርስ አንቶሪያ የሚል ስም ይለጠፍበታል። ሃንክ ማርቪን ያ ቀይ ጊታር እስኪመጣለት ሲጫወት የነበረው ይህንኑ ነው። በጣም የሚገርመኝ ግን ፉቱራማ ነው። መልኩ ስትራቶካስተርን ይመስላል፤ የተሠራው ቼኮዝሎቫኪያ ነው። አስቡት፤ ቀዝቃዛው ጦርነት ተፋፍሟል፣ የወዳጅ የአሜሪካ ጊታር አይገባም፣ የኮሚኒስቱ ጊታር ግን በለንደን ሱቆች ይሸጣል። የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን በ1959 ሊቨርፑል ውስጥ አንዱን ገዛ። ክሩ ከአንገቱ በጣም ርቆ ስለተወጠረ ለመጫወት አበሳ እንደነበር በኋላ ራሱ ተናግሯል።

[ምስል፦ ፒክአፕ፣ ተጠግቶ]

እዚህ ላይ ትንሽ ቴክኒክ። የኤሌክትሪክ ጊታር ሆድ እንደ ክራር ባዶ መሆን የለበትም። ድምፁን የሚይዘው ፒክአፕ ነው። ፒክአፕ ማለት ማግኔትና በላዩ በሺዎች ጊዜ የተጠመጠመ ፀጉር የሚያህል የመዳብ ሽቦ ነው። የብረት ክሩ ከላዩ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ትንሽዬ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ አምፕሊፋየር ያጎላዋል። ስለዚህ አናጢነትና ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕውቀት ያለው ሰው ጋራዡ ውስጥ ሊሠራው ይችላል። ሠሩትም። ቻርሊ ዋትኪንስ አኮርዲዮን ተጫዋች ነበር፤ ወንድሙ ሬጅ ራፒየር የሚባለውን ጊታር ሠራ። የብዙ እንግሊዛዊ ልጅ የመጀመሪያ ጊታር እሱ ነው።

ከሁሉም በላይ የገነነው ግን ጂም በርንስ ነው።

በርንስ በ1958 ለሌላ ድርጅት ሠራ፣ በ1959 ከሸሪክ ጋር ሞከረ፣ በ1960 የራሱን ኩባንያ አቆመ። ፋብሪካው ከለንደን በስተምሥራቅ ኤሴክስ ውስጥ ነበር። በፌንደር ኩባንያ መሥራች ስም የእንግሊዙ ሊዮ ፌንደር ይሉታል። እኔ ግን አይመስለኝም። ፌንደር እንደ ፋብሪካ ሰው ነው የሚያስበው፣ በብዛትና በርካሹ። በርንስ ፍልስፍናው ሌላ ነው፤ ትርፉን ሳይሆን ቅርጹን ሲያሰላ የሚያድር ዓይነት ሰው። ባይሰን የሚባለውን ጊታሩን ተመልከቱ። ሁለት ቀንዶቹ ወደ ፊት የተቆለመሙ፣ እውነትም እንደ ጎሽ። ድምፅ መቀየሪያው ላይ ደግሞ ሌሎቹ «ወፍራም» «ቀጭን» የሚሉበት ቦታ ላይ አንዱን «የዱር ውሻ» ብሎታል። እንደዚህ ያለ ሰው አልወድም ማለት አልችልም።

ክልከላው ከተነሣ በኋላ የሆነው ነገር ደግሞ የሚጠበቀው አይደለም። ፌንደርና ሌላው የአሜሪካ ጊታር ጊብሰን ገቡ፤ ዋጋቸው ግን ለሠራተኛ ልጅ የሚቀመስ አልነበረም። የአገር ውስጦቹ ቶሎ አልሞቱም። እንዲያውም ሃንክ ማርቪን፣ ያ የመጀመሪያውን ስትራቶካስተር የያዘው ልጅ፣ በ1964 ወደ በርንስ ዞረ። በርንስ በስሙ ጊታር ሠራለት። የጊታሩ ራስ እንደ ቫዮሊን የተጠቀለለ ነው። ለበርንስ ከዚህ በላይ ድል አልነበረም።

ድሉ አንድ ዓመት እንኳ በወጉ አልቆየም። በ1965 መጀመሪያ የአሜሪካው የብሮድካስት ኩባንያ ሲቢኤስ ፌንደርን በ13 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ፌንደርን ፈልጎ ያጣው ባልድዊን የተባለ የፒያኖ ኩባንያ ዞር ብሎ በርንስን ገዛ። ሠርጉ ለፌንደር ተደግሶ ሙሽራዋ በርንስ ሆነች እንደማለት ነው። ባልድዊን በ1970 ሥራውን ዘጋው። ከበርንስ የወጡ ሁለት ባለሙያዎች ሸርጎልድ የሚባል ጊታር አቁመው ጥቂት ታገሉ። በ70ዎቹ ግን የጃፓን ኮፒ ገበያውን አጥለቀለቀው፤ ጥራቱም እየተሻለ መጣ። ከዚያ በኋላ እንግሊዝ የቀሯት በጥቂቱ የሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎች ናቸው።

[ምስል፦ የተደራረቡ ማርሻል አምፖች]

አምፕሊፋየሩ ግን ተረፈ። ለምን? አምፕ ከባድ ነው፤ ከአሜሪካ ማስመጣቱ ውድ ነው፤ የአሜሪካና የእንግሊዝ መብራት ቮልቴጅም አይገጥምም። ዳርትፎርድ ውስጥ ቶም ጄኒንግስ ቮክስ የሚባለውን አምፕ ያመርት ነበር፤ ቢትልስ የተጫወቱበት ኤሲ 30 ከዚያ የወጣ ነው። በምዕራብ ለንደን ሃንዌል ደግሞ ጂም ማርሻል የሚባል የከበሮ አስተማሪ ሱቅ ከፍቷል። በ1962 ሱቁ ውስጥ ያሉ ልጆች የፌንደር ቤዝማን አምፕን ፈትተው እሱኑ ሠሩ፣ እንግሊዝ ውስጥ በሚገኝ ዕቃ። ድምፅ ማጉያው ሌላ፣ ሳጥኑ ሌላ። ኮፒ ነው የጀመሩት፤ የወጣው ድምፅ ግን ሌላ ሆነ። ወፈረ፣ ሻከረ። ዛሬ የሮክ ጊታር ድምፅ ስንል በጆሯችን የሚመጣው እሱ ነው።

[ምስል፦ የእሳት ማንደጃ፣ የድሮ ቤት]

አንድ ቤት ቀርቶኛል። ደቡብ ምዕራብ ለንደን፣ 1963። በኋላ የኩዊን ባንድ ጊታሪስት የሆነው ብራያን ሜይ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ፌንደር ይፈልጋል፤ ቤት ውስጥ ገንዘብ የለም። አባቱ ኤሌክትሮኒክስ ያውቃል። አብረው ጀመሩ። አንገቱ ከተጣለ የእሳት ማንደጃ ክፈፍ የተወሰደ አሮጌ እንጨት ነው፤ ነቀዝ የበላውን ቀዳዳ በክብሪት እንጨት ደፈኑት። ክሩን የሚያርገበግበው ዘንግ ሞላዎቹ ከድሮ ሞተር ሳይክል የወጡ ናቸው። የዘንጉ ጫፍ የሹራብ መርፌ ነው። አንገቱ ላይ ያሉት ነጫጭ ምልክቶች የእናቱ የዛጎል ቁልፎች። ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀባቸው። ፒክአፑንም ራሱ ሠርቶ ነበር፤ ድምፁ ግን አልጣመውም። ሱቅ ሄዶ ገዛ፤ ሦስት የበርንስ ፒክአፕ። ከኩዊን ጋር ዓለምን የዞረው በዚሁ ጊታር ነው። በ2002 የቤኪንግሃም ቤተ መንግሥት ጣሪያ ላይ የቆመውም ይዞት ነው።

የበርንስ ስም በ1992 ከተቀበረበት ተነሣ። በ2001 ኩባንያው የዚህን ጊታር አምሳያ ለገበያ አወጣ፣ ፌንደር መግዛት ያልቻለው ልጅ ከአባቱ ጋር የሠራውን። የሚሠራው ደቡብ ኮሪያ ነበር። እንግሊዝ የሚገባው እየተጫነ ነው።