ሥልጣን የያዘ የነፃ ገበያ ተጫዋች፦ የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴ አባላትና ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ እላለሁ። የሥራና የሒሳብ ሪፖርቱን የሚመለከታቸው ኃላፊዎች ስለሚያቀርቡ፣ እኔ የተሰጠኝን ጊዜ ለአንድ ጉዳይ ላውለው መርጫለሁ፤ ይኸውም በኦንላይን የአገር አስተዳደር ጨዋታዎች ውስጥ ነፃ ገበያን ዓላማው አድርጎ የተነሣ ተጫዋች ሥልጣን ሲይዝ የሚገጥመው ፈተና ነው።

ብዙዎቻችን የጀመርነው አውስትራሊያዊው ማክስ ባሪ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ2002 በከፈተው ኔሽንስቴትስ ነው። በዚያ ጨዋታ ተጫዋቹ ያገሩ ብቸኛ አዛዥ ነው። የመንግሥት ጉዳይ ይቀርብለታል፣ ከአማራጮቹ አንዱን ይመርጣል፣ ውሳኔውም የኢኮኖሚውን፣ የዜጎች መብትንና የፖለቲካ ነፃነትን መለኪያ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። ግብር ለመቀነስ የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልገውም። በዚህ የለመደ ሰው በ2008 ለሕዝብ ወደ ተከፈተው ኢሪፐብሊክ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጥበታል፤ እዚያ እያንዳንዱ ዜጋ ደመወዝ የሚቀበል፣ ኩባንያ የሚያቋቁም፣ ጋዜጣ የሚያሳትም፣ የሚዋጋና የሚመርጥ ሕያው ሰው ነውና። ፕሬዚዳንት በየወሩ በ5፣ የፓርቲ መሪ በ15፣ የምክር ቤት አባላት ደግሞ በ25 ይመረጣሉ። በአንድ ወር የሥልጣን ዘመን ውስጥ መራጭን ማሳመንም ማስቀየምም ይቻላል።

ስሙ እንዳይጠራ የጠየቀ አንድ አባላችን በኢሪፐብሊክ ውስጥ ያለፈበትን መንገድ ላንሣ። በጋዜጣው ስለ ነፃ ገበያ መርሕ የጻፋቸውን ረጃጅም ጽሑፎች ብዙ ሰው አላነበባቸውም ነበር። ወደ ምክር ቤት ያስገባው አንድ ሠንጠረዥ ነው፤ በአንድ ዓምድ ያገር ውስጥ የጦር መሣሪያ ዋጋ፣ በሁለተኛው የጎረቤት አገር ምርት ያለ ቀረጥ የሚሸጥበት፣ በሦስተኛው ያው ምርት የገቢ ዕቃ ቀረጥ ሲጨመርበት የሚደርስበት ዋጋ ሰፍሯል። ወታደሩ የቀን ደመወዙ ስንት መሣሪያ እንደሚገዛለት ከሠንጠረዡ ላይ በራሱ አሰላ፤ ድምፁንም ሰጠው።

በምክር ቤቱ የጠበቀው ክርክር ግን ከባድ ነበር። ቀረጡ እንዳይነካ የተከራከሩት የመሣሪያ ፋብሪካ ባለቤቶች ሲሆኑ፣ ያነሡት ሐሳብ ጥቅም ፍለጋ ብቻ ነው ተብሎ የሚታለፍ አልነበረም። ፋብሪካዎቻችን ከተዘጉ በኋላ ሻጩ አገር የንግድ ማዕቀብ ቢጥልብን በጦርነት ጊዜ ምን እንታጠቃለን ብለው ጠየቁ። አባላችን በመጀመሪያ ቀረጡ ጨርሶ እንዲነሣ ያቀረበው ሐሳብ ወደቀ። በተከታዩ የምክር ቤት ዘመን የራሱን ኩባንያዎች ዝርዝር በይፋ አሳውቆ፣ ቀረጡ በጥቂቱ እንዲቀንስ ሐሳብ አቀረበ፤ ይህኛው አለፈ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከቀረጡ መቀነስ ይልቅ የኩባንያዎቹን ዝርዝር ማሳወቁን አከብራለሁ፤ ምክንያቱም ገበያው ነፃ ይሁን የሚል ሰው የሚያተርፍበትን ቦታ ከደበቀ ቃሉን የሚያምነው አያገኝም።

ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ ጦርነት መጣ። ግምጃ ቤቱ ባዶ ነበር፣ ሠራዊቱ መሣሪያ ይጠብቃል፣ በምክር ቤቱም ብዙዎች አዲስ ገንዘብ ይታተም አሉ። አዲስ ገንዘብ ወደ ገበያው በገባ ቁጥር የጨዋታው የጋራ መገበያያ የሆነውን አንድ ወርቅ ለመግዛት የሚከፈለው ያገር ገንዘብ ይበዛል፤ የሠራተኛው ደመወዝ በቁጥር ሳይነካ በዋጋው ይወርዳል። አባላችን ከዚያ ይልቅ የገቢ ግብሩ ለጊዜው ከፍ እንዲል ጠየቀ። በዚህ ምክንያት የራሱ ፓርቲ ሰዎች ከዳተኛ አሉት፣ በቀጣዩም ምርጫ ተሸነፈ።

እኔ ትክክል ሠርቷል እላለሁ። ግብር በግልጽ ይታወጃል፤ ከፋዩ መጠኑን ያውቃል፣ ያወጣበትንም ሰው በ5 ወይም በ25 ከወንበሩ ሊያነሣው ይችላል። የገንዘብ ኅትመት ግን ከቆጣቢው ኪስ ማንም ሳይመርጥ ይወስዳል። ለነፃ ገበያ ደጋፊ የግብር ጠላት መሆን ብቻ ይበቃዋል ብሎ የሚያስብ ሰው፣ ገበያው የሚቆመው በታመነ ገንዘብ ላይ መሆኑን ረስቷል። በርግጥ ተቺዎቹ የተናገሩት አንድ እውነት አለ፤ ለጊዜው የተባለውን ግብር ተተኪው ፕሬዚዳንት ለማውረድ አልቸኮለም፣ ሕጉን ለመቀየርም የምክር ቤት ድምፅ እንደገና ያስፈልግ ነበር። አባላችን በዚያው ወር በ25 ለምክር ቤት ተወዳድሮ ገባና ግብሩ እንዲወርድ ሐሳብ አቀረበ፤ ወርዷል፣ ወደ ቀድሞ መጠኑ ግን እስካሁን አልተመለሰም።

ስለዚህ ኮሚቴው በዛሬው የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ እንድትወያዩበት ያቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፦ በማኅበራችን ድጋፍ ለምርጫ የሚቀርብ ማንኛውም አባል የኩባንያዎቹን ዝርዝር አስቀድሞ ያሳውቅ፣ በአስቸኳይ ጊዜ የሚያስወጣው ግብርም የሚነሣበትን ቀን ከነሐሳቡ አብሮ ያስመዝግብ። የምትቃወሙትም በሙሉ ነፃነት እንድትናገሩ አሳስባለሁ። ጉባኤው በይፋ መከፈቱን አበሥራለሁ፤ የመጀመሪያው ተናጋሪ ወደ መድረኩ እንዲወጣ እጋብዛለሁ።