ነፍሱን የት ደበቀ? ለማንስ ነገረ?

እንደምን አመሻችሁ? ከኮምቦልቻ ዳገቱን ወጥታችሁ የመጣችሁ፣ የደሴ ብርድ ቀድሞ ስለተቀበላችሁ ይቅርታ። አብሽሩ፣ ብዙ አላስቀምጣችሁም።

ዛሬ የማወራው ስለ ክፉዎች ነው። በእውን ያሉትን ለሌላ ቀን እናቆያቸው። የተረቱን፣ የፋንታሲውን ክፉ ነው የምለው። ከእነሱም አንዱን ዓይነት። ነፍሱን ከገላው አውጥቶ እቃ ውስጥ የሚደብቀውን። በጎራዴ ይወጉታል፣ አይሞትም። ከገደል ይወረውሩታል፣ ልብሱን አራግፎ ይነሳል። ነፍሱ እዚያ የለችማ።

ብዙዎቻችሁ ትጽፋላችሁ። ረቂቆቻችሁን ስታሳዩኝ ይህ ሰውዬ አሥር ጊዜ ብቅ ይላል። አንዴ ነፍሱ ቀለበት ውስጥ ናት። አንዴ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ። ጀግናው መጨረሻ ላይ ዋሻ ይገባል፣ ድንጋዩን ይሰብራል፣ አለቀ። ልጆች ሆነን ፊልም ስናይ «አክተሩ አይሞትም» እንል ነበር። እዚህም እንደማይሞት ከመጀመሪያው ገጽ እናውቃለን። እሱ አይከፋኝም። የሚከፋኝ ሌላ ነው። ጀግናው ድንጋዩ የት እንዳለ በምን አወቀ? ረቂቆቹ እዚህ ጋ ያነክሳሉ። አንድ ነጭ ጺም ያላቸው ሽማግሌ ከየት መጡ ሳይባል ይመጡና ይነግሩታል። ወይ ሕልም ያያል። እኔ ግን እላለሁ፣ ታሪኩ ያለው እዚያ የዘለላችሁት ቦታ ላይ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከ3,200 ዓመት ገደማ በፊት በግብፅ ፓፒረስ ላይ የተጻፈ የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ አለ። ፓፒረሱ ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ነው። ታናሹ ባታ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፣ እንዲያውም የተበደለ ነው። ልቡን አውጥቶ በዝግባ ዛፍ አበባ አናት ላይ ያስቀምጣል። ዛፉ ከተቆረጠ ይሞታል። ይህን ማን አወቀ? ሚስቱ። ማን ነገራት? ራሱ። በኋላ እሷ ለፈርዖን ነገረች፣ ዛፉ ተቆረጠ፣ ባታ ሞተ። ወንድሙ ልቡን ለዓመታት ፈልጎ አገኘው፣ ውሃ ውስጥ ጨመረው፣ ባታም ነቃ።

ከዚያ ወዲህ ተረቱ ዓለምን ዞሯል። ሩሲያ ውስጥ ኮሼይ የሚባል የማይሞት ክፉ አለ። ሞቱ መርፌ ጫፍ ላይ ነው። መርፌው እንቁላል ውስጥ፣ እንቁላሉ ዳክዬ ውስጥ፣ ዳክዬዋ ጥንቸል ውስጥ፣ ጥንቸሉ ሣጥን ውስጥ። ሕንድ ውስጥ የጠንቋዩ ነፍስ አረንጓዴ በቀቀን ናት። የተረት አጥኚዎች ይህን ዓይነት ተረት ቁጥር ሰጥተው 302 ብለው መዝግበውታል። ፍሬዘር የሚባለው ስኮትላንዳዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው ትልቅ ሥራው ከአገር አገር እየለቀመ ዘርዝሮታል። ዝርዝሩን ለእሱ እንተወው።

እኔ ልነግራችሁ የምፈልገው የኖርዌዩን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተሰበሰቡት ተረቶች አንዱ ነው። ገላው ውስጥ ልብ የሌለው ግዙፍ ሰው አለ። ስድስት የንጉሥ ልጆችን ከነሙሽሮቻቸው ድንጋይ አድርጓቸዋል። ሰባተኛው፣ ትንሹ፣ ሊያድናቸው ይመጣል። ግዙፉ ቤት ውስጥ አንዲት ልዕልት አለች። ልጁን አልጋ ስር ደበቀችውና ማታ ግዙፉን ጠየቀችው። ልብህ የት ነው? «ከበሩ ደፍ ስር» አላት። በማግስቱ ግዙፉ ሲወጣ ቆፈሩ፤ ምንም የለም። እሷ ታዲያ ምን አደረገች? አበባ ለቅማ ደፉ ላይ በተነች። ግዙፉ ሲመለስ ይህ ምንድነው አለ። ልብህ ያለበት ቦታ አይደል፣ እንዴት ዝም ብዬ ልየው አለችው። ሳቀባት። እዚያ አይደለም፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው አላት። ቁም ሣጥኑንም በአበባ አስጌጠችው። አሁንም ሳቀ። በሦስተኛው ግን ተናገረ። ሩቅ ቦታ ሐይቅ አለ። ሐይቁ ላይ ደሴት። ደሴቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን። ውስጡ የውሃ ጉድጓድ። ጉድጓዱ ውስጥ ዳክዬ። ዳክዬዋ ውስጥ እንቁላል። ልቤ እሱ ውስጥ ነው አለ።

አበባውን ልብ በሉልኝ። ካራ አልመዘዘችበትም። ስለ ልቡ የሚጨነቅ ሰው ያገኘ መሰለው። ልቡን ከደረቱ ያወጣው እኮ ማንም እንዳይነካው ነበር። አሁን አንዲት ሴት ልቡ የሌለበትን ደፍ በአበባ ስትሸፍን አየ። አፉ ተፈታ። ከሐይቁ፣ ከደሴቱና ከጉድጓዱ ሁሉ ደካማው አፉ ነበር።

ይህ ተረት ወሎ ውስጥ ቢሆን ኖሮ አልጋ ስር መደበቅ ባላስፈለገ። ረከቦቱ ይቀርባል፣ ቄጤማው ይጎዘጎዛል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ክፉው በአቦል ይዋሻል። በቶና ይዋሻል። በበረካ ግን ሰው ሁሉ ይለሰልሳል። እዚህ አዳራሽ ያላችሁ እናቶች ታውቁታላችሁ፣ ስንቱን ጉድ የሰማችሁት በረካ ላይ ነው። ሁለት ውሸት፣ ከዚያ አንድ እውነት። ጀበናው ሦስት ዙር ሲወርድ ምዕራፉ ያልቃል። እስካሁን በረቂቆቻችሁ ውስጥ ይህን ያየሁበት ቦታ የለም። ዋሻ ግን ሞልቷል።

ሶምሶንን ታስታውሱታላችሁ። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 16። ሶምሶን ክፉ አይደለም፣ የነገሩ አካሄድ ግን ያው ነው። ደሊላ በምን ብትታሰር ትደክማለህ ብላ ጠየቀችው። እርጥብ ጠፍር አላት፣ ውሸት። አዲስ ገመድ አላት፣ ውሸት። የራሴ ጉንጉን አላት፣ ውሸት። ዕለት ዕለት ነዘነዘችው። በአራተኛው ተናገረ። ደሊላ በበኩሏ ከመኳንንቱ ከእያንዳንዳቸው 1,100 ብር ቃል ተገብቶላታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በእነዚህ ተረቶች ሁሉ ምስጢሩን የምታወጣው ሴቷ መሆኗ ሰልችቶኛል። ክፉው ለወንድሙ ይንገር። ለአሽከሩ ይንገር። ፀጉር አስተካካዩስ? ፀጉር አስተካካይ ቤት የማይወራ ምን አለ?

«ክፉዬ ዝምተኛ ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። ጥሩ። ሁለቱን ትልልቅ ዝምተኞች እንያቸው።

አንደኛው ሳውሮን ነው። የቀለበቱ ጌታ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 መታተም የጀመረው ታሪክ። የኃይሉን ብዙውን ክፍል ቀለበቱ ውስጥ ጨምሯል። ቀለበቱ ሲጠፋበት ተዳከመ እንጂ አልሞተም። ለሚስት ወይም ለወዳጅ የሚያወራ ዓይነት አይደለም። ግን ቀለበቱ ላይ ጽሕፈት አለበት። እሳት ሲነካው ፊደሉ ይወጣል። ቀለበቱ የማን እንደሆነ የተረጋገጠው በዚያ ነው። ሰውዬው ዝም ቢል እቃው ተናገረ። ሌላም አለ። ይህን የመሰለ ኃይል እጁ የገባለት ሰው ያጠፋዋል ብሎ ፈጽሞ አላሰበም። እሱ ቢሆን አያደርገውማ።

ሁለተኛው የሃሪ ፖተር መጻሕፍቱ ክፉ ጠንቋይ ቮልደሞርት ነው። ነፍሱን ሰባት ቦታ ሊከፋፍል አቀደ። ለማንም አልተናገረም ትላላችሁ። ተናግሯል እንጂ! ገና ተማሪ ሳለ መምህሩን ጠይቋል። አንዴ ብቻ ነው ወይስ ሰባት ጊዜ መክፈል ይቻላል ብሎ። መምህሩ ያን ጨዋታ በኀፍረት ደብቆ ኖረ። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ከእሱ ትዝታ ውስጥ ቁጥሩ ተገኘ። ደግሞም እቃዎቹን ተመልከቱ። ባሕር ዳር የወደቀ ጠጠር ቢመርጥ ኖሮ ማን ያገኘው ነበር? እሱ ግን የትምህርት ቤቱን መሥራቾች ዋንጫ፣ ሐብልና ዘውድ መረጠ። ኩራቱ ጠጠርን ናቀ። የሚፈልጉትም ኩራቱን ተከትለው ሄዱ።

ስለዚህ ክፉያችሁ ምን ውስጥ ነፍሱን እንደሚደብቅ ስታስቡ፣ የሚያምር እቃ አትፈልጉ። ይህ ሰው ምን መጣል ያቅተዋል በሉ። እቃው ያሳብቅበት።

ከሁሉ የሚያመኝ ግን የግሪኮቹ ሜሌአገር ነው። እሱ ነፍሱን አልደበቀም። ገና አራስ እያለ ዕጣ ፈንታን የሚወስኑት ሴቶች መጥተው፣ ምድጃው ላይ ያለው ግንድ ነዶ ሲያልቅ ይህ ልጅ ይሞታል አሉ። እናቱ አልታያ ግንዱን ከእሳቱ ነጥቃ አጠፋችውና ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ልጁ አደገ፣ አዳኝ ሆነ። አንድ ቀን በአደን ግዳይ ጠብ ተነሳና የእናቱን ወንድሞች ገደለ። እናቲቱ ሣጥኑን ከፈተች። ግንዱን ወደ እሳት ወረወረችው። ልጇ ሩቅ ቦታ ሆኖ ውስጡ ይቃጠል ጀመር። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የማስበው ስለነዚያ መካከል ስላሉት ዓመታት ነው። ያቺ እናት ቤቷን ስትጠርግ፣ ሣጥኑን ስትወለውል፣ ልጇን ስትቆጣ። የልጇ ነፍስ ቤቷ ውስጥ እንዳለ እያወቀች። ማንም አልጻፈውም። ኑና ጻፉት።

ወደ አገራችን እንምጣ። ብዙዎቻችሁ የክፉውን ነፍስ ክታብ ውስጥ ታስገባላችሁ። ባለክታቡም ሁልጊዜ ደብተራ ነው። እባካችሁ ይብቃችሁ። ክታብ ሰው የሚጠበቅበት ነው። ከባለቤቱ ጋር ይኖራል፣ አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል። ረጅሙ የብራና ክታብ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሠራል፣ ስሙም ይጻፍበታል። ነፍስን ከገላ አርቆ መደበቅ የዚህ ተቃራኒ ነው። ክፉ ሰው ክታብ ላይ እምነት የለውም።

እኛ ጋ የተፈራው እቃ ሳይሆን ስም ነው። የክርስትና ስምህን ለማንም አትንገር ተብለን ያደግን አለን። ኮከብ ቆጣሪ የሚጠይቀው ምንድነው? ስምህንና የእናትህን ስም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያውቀዋል። እንግዲህ የእናንተ ክፉ ነፍሱን የቀበረው ስሙ ውስጥ ቢሆን፣ ያን ስም የሚያውቀው ያጠመቁት ቄስና ክርስትና ያነሳው አባት ብቻ ቢሆኑስ? ቄሱ ሞተዋል። የክርስትና አባቱ ግን አርጅተው ሰኞ ገበያ ጨው ይሸጣሉ እንበል። ዋሻ ምን ያደርግላችኋል?

እሺ፣ የግድ እቃ መሆን አለበት ካላችሁ ደግሞ መሬታችሁን እወቁት። ጦሳ ተራራ ላይ ቢቀብረው እረኛ ያየዋል። በግዙፉ ተረት ውስጥ ሐይቅ፣ ደሴትና ቤተ ክርስቲያን አለ ብያችኋለሁ። ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ምን አለ? ሐይቅ እስጢፋኖስ። ድሮ ደሴት ነበር። ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል፣ በእግር ይገባል። አንድ ክፉ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ውሃ ይጠብቅልኛል ብሎ ነፍሱን እንዲህ ዓይነት ደሴት ላይ ትቶ ሄደ እንበል። ከዚያ ወዲህ ተመልሶ አላየውም። ውሃው ሸሽቷል። እሱ አልሰማም። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለዚህ ሰውዬ ነው። ገዳሙን ግን አትንኩብኝ፣ የራሳችሁን ደሴት ፍጠሩ።

የግዙፉን መጨረሻ ሳልነግራችሁ አልወርድም። ልጁ እንቁላሉን አገኘ። ጨበጥ ሲያደርገው ግዙፉ ጮኸ። ተወኝ፣ የምትለውን ሁሉ አደርጋለሁ አለ። ልጁን የሚረዳ ተኩላ ነበር። ወንድሞችህንና ሙሽሮቻቸውን ይመልስ፣ ያኔ ሕይወቱን እተውልሃለሁ በለው ብሎ መከረው። ግዙፉ ተስማማ። ድንጋዮቹ ሰው ሆነው ተነሱ። ተኩላው ቀጠለ። አሁን ጨፍልቀው አለው። ልጁም ጨፈለቀው።

ግዙፉ ቃሉን ጠብቋል። ልጁ አልጠበቀም። ተረቱ እዚህ ላይ አይቆምም፣ በቀጥታ ወደ ሰርጉ ይሮጣል። ተረት ነውና ይፈቀድለታል። እናንተ ግን የምትጽፉት ልቦለድ ነው፣ እንዲህ በቀላሉ አትለፉት። ያ ልጅ እንቁላሉን ይዞ አንድ ሌሊት ይደር። ባይጨፈልቀውስ? ኪሱ ከተተው እንበል። ያን ጊዜ ግዙፉ፣ ልጁ የፈለገውን የሚያዝዘው ባሪያ ሆነ። ወንድሞቹ ያንን እንቁላል ሲያዩ ምን ይላሉ? እሱስ ሚስት ሲያገባ፣ በሦስተኛው ሲኒ ላይ፣ የት እንዳስቀመጠው ይነግራት ይሆን?

ረቂቅ ይዞ የመጣ ካለ መድረኩ የእናንተ ነው። አመሰግናለሁ።