ዝንቧን በሕይወት የሚያቆያት ሰው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በተለይ ፒኤችዲ የጀመራችሁ ልጆች፣ ዛሬ በዋናነት የማወራው ለእናንተ ነው።

በእኛ ዘርፍ፣ ሽል እንዴት እንደሚያድግ በሚያጠናው የዕድገት ባዮሎጂ፣ ዜና ሲነሳ አሁን ቀድሞ የሚወራው ከስቴም ሴል፣ ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ ከሚችል ሴል፣ ስለሚሰሩት የሽል ሞዴሎች ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ያለ እንቁላልና ያለ ስፐርም የ14 ቀን የሰው ሽል የሚመስል ነገር ሰርተው ሲያሳዩ ሁላችንም ጉድ ነው ያልነው። እሱን ሌሎች ያወሩላችኋል። እኔ ማውራት የፈለኩት ዜና ላይ ስለማይወጡት ሰዎች ነው፣ ዝንቡን ስለሚመግቡት፣ ላቦራቶሪ ውስጥ የምናጠናውን ትንሽ ዓሳ፣ የዜብራፊሹን፣ ውሃ ስለሚቆጣጠሩት፣ ዳታቤዙን ቁጭ ብለው ስለሚያስተካክሉት።

ሄጅሆግ የሚባለውን ጂን ታውቁታላችሁ። ክርስቲያነ ኑስላይን-ፎልሃርድና ኤሪክ ቪሻውስ ጀርመን፣ ሃይደልበርግ ውስጥ እጅግ ብዙ የድሮሶፊላ (የፍሬ ዝንብ) እጭ በማይክሮስኮፕ እያዩ፣ የትኛው ጂን ሲበላሽ የእጩ ሰውነት ክፍፍል እንደሚዛባ ሲለዩ ነው ያገኙት፣ በ1980 አሳተሙት፣ በ1995 ከኤድዋርድ ሉዊስ ጋር ኖቤል ተሸለሙ። በኋላ የዚህ ጂን ዘመድ ሰው ላይም ተገኘ፤ ሲበላሽ የፅንሱ የፊት አንጎል ለሁለት ሳይከፈል ይቀራል፣ ጂኑ የሚመራው ሲግናል፣ ሴሎች የሚለዋወጡት መልእክት፣ ከልክ በላይ ሲሰራ ደግሞ አንድ ዓይነት የቆዳ ካንሰር ያመጣል፣ በ2012 ይሄንኑ ሲግናል የሚያግድ መድኃኒት፣ ቪስሞዴጊብ፣ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ከእጭ እስከ መድኃኒት 32 ዓመት ማለት ነው።

እና በዛ ሁሉ ዓመት ሚውታንት ዝንቦቹን፣ ጂናቸው የተለወጠውን፣ ማን አቆያቸው? የዝንብ መስመር፣ አንድ ዓይነት የጂን ለውጥ ይዞ ከትውልድ ትውልድ የሚራባ የዝንብ ዘር ማለት ነው፣ ፍሪዘር ውስጥ አስገብተህ የምትረሳው ነገር አይደለም፣ በየጥቂት ሳምንቱ ወደ አዲስ ጠርሙስ ካልተዛወረ ያልቃል፣ በዓልም ይሁን እሁድ ያው ነው። ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ያለው የብሉሚንግተን ስቶክ ማዕከል፣ የዝንብ መስመሮች ማቆያው፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ መስመሮችን እንዲህ እያዛወረ ለዓለም ይልካል። ያንን ስራ የሚሰራ ሰው ስሙ ፔፐር ላይ ስንት ጊዜ ይገባል? እኔ ይሄ ነገር ያንገበግበኛል።

መካፈል እኮ ከድሮም የኛ ባህል ነው። የድሮሶፊላ ሰዎች ከ1934 ጀምሮ፣ የሲ ኤለጋንስ (የትንሿ ትል) ሰዎች ደግሞ ከ1975 ጀምሮ ገና ያልታተመ ውጤታቸውን በራሳቸው መፅሄት ይለዋወጡ ነበር፣ ማን ቀደመኝ ሳይሉ። አዲስ የገባ ተማሪም ዛሬ ፍላይቤዝን፣ የድሮሶፊላ ጂኖች ዳታቤዝን፣ ከፍቶ ስለ አንድ ጂን የዘጠና ዓመት እውቀት በአንድ ገፅ የሚያገኘው ያ ባህል ስለቀጠለ ነው።

ግን በ2025 ምን እንደሆነ አያችሁ፣ የአሜሪካ መንግስት ለሃርቫርድ የሚሰጠውን የሪሰርች ገንዘብ ሲያቋርጥ በሃርቫርድ በኩል የሚመጣው የፍላይቤዝም ግራንት፣ የሪሰርች ድጋፍ ገንዘቡ፣ አብሮ ተቋረጠ፣ ሰራተኞች ስራቸውን አጡ፣ ዳታቤዙም ከየላቦራቶሪው መዋጮ መጠየቅ ጀመረ። ሁላችንም በየቀኑ የምንከፍተው ነገር በአብዛኛው በአንድ ግራንት ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር ያኔ ነው የገባን፣ ይሄ መሆን አልነበረበትም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። ፔፐር ስትፅፉ የተጠቀማችሁበትን ዳታቤዝና የስቶክ ማዕከል በስሙ ጥቀሱ፣ ገንዘብ ሰጪዎች የሚያዩት እሱን ነውና። ግራንት ስታዘጋጁ ለስቶክና ለዳታቤዝ የሚሆን በጀት ከመጀመሪያው አስገቡ። የሰራችሁትን መስመር ፔፐሩ እንደወጣ ለማዕከሉ ላኩ፣ ተመርቃችሁ ከሄዳችሁ በኋላ ማንም አይልክላችሁም። የላቦራቶሪ ኃላፊዎች ደግሞ፣ ዝንቡንና ዓሳውን የሚይዙላችሁን ሰዎች በሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችኋቸው ኑ፣ መድረኩንም ስጧቸው።

አመሰግናለሁ።