በህዋ ላይ ምን ሠርተን እንብላ?

(ለኦንላይን ጌም ወዳጆች የቅዳሜ ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር፣ አዲስ አበባ)

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ጌም ንግግር ላደርግ ነው ስላት መጀመሪያ የሳቀችብኝ እናቴ ናት። «ለጨዋታም ንግግር ይደረጋል እንዴ?» አለች። ርዕሱን ስነግራት ደግሞ ባሰ። «ጨዋታ ውስጥ ሥራ ስለመምረጥ ነው» አልኳት። «የውጪውን መርጠህ ጨረስክ?» ብላ አፌን አስያዘችኝ። እንግዲህ ቤት ተሸንፌ ነው እዚህ የመጣሁት።

የማወራው ስለ ኢቭ ኦንላይን ነው። ሲሲፒ የሚባል የአይስላንድ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው የህዋ ጨዋታ ነው። ከ7,000 በላይ የኮከብ ሥርዓቶች አሉት። ቻይና የራሷ ሰርቨር አላት፤ ሌሎቻችን ግን ሁላችንም አንድ ሰርቨር ላይ ነን። እኔ ከጉለሌ፣ ሌላው ከበርሊን፣ ሌላው ከቴክሳስ፣ አንድ ገበያ ላይ እንጋፋለን። ገንዘቡ ኢስክ ይባላል፤ የአይስላንድ ገንዘብ ምህጻረ ቃልም ይኸው ነው፣ ቀልደኞች ናቸው። ካሉት አራት ታላላቅ መንግሥታት አንዱ ደግሞ አማር ይባላል። መጀመሪያ ስሰማ አማረ የሚባለው የአጎቴ ልጅ ግዛት የገዛ መስሎኝ ነበር።

ሌሎች ጨዋታዎች ገና ስትገቡ «ጦረኛ ነህ፣ ጠንቋይ ነህ?» ይሏችኋል። የመረጣችሁትን ሆናችሁ ትቀራላችሁ። ኢቭ እንዲህ አይልም። ከየትኛውም መንግሥት ብትወለዱ የፈለጋችሁትን ሥራ መሥራት ትችላላችሁ። የሚያስፈልገው ስኪል፣ ማለትም የሥራው ችሎታ፣ ነው። ስኪሉ ደግሞ የሚሠለጥነው በእውነተኛ ሰዓት ነው፤ አንዳንዱ ደቂቃዎች፣ አንዳንዱ ሳምንታት ይፈጃል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ይቀጥላል። መብራት ሲሄድም ሥራ የማይቆምበት ቦታ ሳገኝ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።

ጀማሪ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። «የቱ ሥራ ነው ብዙ ኢስክ የሚያስገኘው?» እኔም ጠይቄያለሁ። መልሱ በየወሩ ይለዋወጣል፣ ምክንያቱም ዋጋውን የሚወስኑት ተጫዋቾች ናቸው። ዛሬ የሚያዋጣውን ሰው ሁሉ ሲሻማበት ነገ አያዋጣም። ስለዚህ ሌላ ሁለት ጥያቄ ልስጣችሁ። የትኛውን መሰልቸት ትችላላችሁ? የትኛውንስ ኪሳራ ችላችሁ ታድራላችሁ? በኢቭ ውስጥ የማይሰለች ሥራ የለም። የማይከስር ሰውም የለም። መርከብ ከወደመ ወደመ ነው፣ መልሶ የሚሰጣችሁ የለም።

እኔ የጀመርኩት በማዕድን ነው። ቬንቸር የምትባል ትንሽ መርከብ ይዤ ድንጋይ ፊት ቆምኩ። ሁለት ሌዘር ታበራለህ፣ ትጠብቃለህ። 5,000 ሜትር ኩብ የምትይዘው ሆዷ ሲሞላ ጣቢያ ሄደህ ታራግፋለህ፣ ተመልሰህ ደግሞ ታበራለህ። እንዳትንቁት። እዚያ ካለው መርከብና ጥይት አብዛኛውን የሚሠራው ተጫዋች ነው፤ ሁሉም የሚጀምረው ከዚያ ድንጋይ ነው። ግን እኔን እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ፈተናውን ያጠናው ድንጋይ እየቆፈረ ነው። ለሱ ያ ጸጥታ መድኃኒት ነው። ያው ሌዘር ነው፣ ያው ድንጋይ ነው፤ እሱ ጎበዝ ቆፋሪ ሆነ፣ እኔ ተኝቼ ነቃሁ።

ቀጥሎ ጭነት ማመላለስ ገባሁ። ባጀር የምትባል የጭነት መርከብ ገዛሁ፤ የህዋ አይሱዙ በሏት። ከሩቅ ጣቢያዎች በርካሽ የለቃቀምኩትን ሁሉ ጭኜ ወደ ጂታ ተነሳሁ። ጂታ የዚያ ዓለም መርካቶ ናት። ያለኝ ሀብት በሙሉ መርከቧ ውስጥ ነው። መንገዱ ረጅም ነው፤ ኦቶፓይለት አበራሁ። እናቴ «ቡና ደርሷል» ብላ ተጣራች። አቦሉን ጠጣሁ። ቶናው ሳይቀዳ «ቆይ አንዴ አይቼ ልምጣ» ብዬ ሄድኩ። መርከብ የለም። ነፍስ ማትረፊያዋ ካፕሱል ውስጥ ብቻዬን ተንሳፍፌያለሁ። ዙሪያዬ ስብርባሪ ነው። አንድ የማላውቀው ሰው ዕቃዬን እየለቃቀመ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ከአንዱ የኮከብ ሥርዓት ወደ ሌላው የሚያሻግር በር አለ፤ ኦቶፓይለት በሩ ድረስ አያደርስም። ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩ ያወርዳችሁና ቀሪውን እንደ ዔሊ ትጓዛላችሁ። ሽፍቶቹ እዚያ ይጠብቃሉ። «ሰላማዊ ቀጠና አይደለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ነው። ኮንኮርድ የሚባል ፖሊስ አለ፤ ተኩሰው ሳይቆዩ ደርሶ አጥፍቷቸዋል። ግን ኮንኮርድ ይቀጣል እንጂ አያድንም። እነሱ ያጡት ርካሽ መርከብ ነው። ከኔ ጭነት ደግሞ በግምት ግማሹ ከስብርባሪው ይተርፋል፣ የሚያነሳላቸው ጓደኛ አስቀድሞ ቆሟል። ጭነትህን በሩቁ ይፈትሹታል፣ ግማሹን ከራሳቸው ኪሳራ ጋር ያወዳድራሉ፣ ካዋጣ ይመቱሃል። የቂም ጉዳይ አይደለም፣ ሂሳብ ነው። እነሱም እኮ ሥራ መርጠው ነው!

ሁለት ቀን ተናደድኩ። በሦስተኛው ቀን ግን ራሴን ያገኘሁት የገበያውን መስኮት ከፍቼ ዋጋ ሳወዳድር ነው። «በትንሽ በትንሹ፣ በሁለት ጉዞ ብጭነው ኖሮ አያዋጣቸውም ነበር» እያልኩ። ያኔ ነው ነጋዴ መሆኔ የገባኝ። መክሰሬ አልሰበረኝም፣ ሂሳቡን እንደገና አስጀመረኝ።

ታናሽ እህቴ ሌላ ፍጥረት ናት። ከኔ ኋላ ቆማ ስትስቅብኝ ኖራ አንድ ቀን ራሷ ገባች። ንግድ አልፈለገችም፣ ድንጋይም አልፈለገችም። አሰሳ መረጠች። ሄሮን የምትባል ቀላል መርከብ ይዛ መፈተሻዎቿን ትበትንና ፍለጋዋን እያጠበበች የተደበቀውን ቦታ ምልክት 100 ፐርሰንት ታደርሰዋለች። ከዚያ ዎርምሆል ውስጥ፣ ወደ ሩቅ የህዋ ክፍል በሚያሻግረው ቀዳዳ፣ ትገባለች። ዎርምሆል ውስጥ ማን እንዳለ የሚያሳይ ዝርዝር የለም። ሰው አጠገባችሁ ቢቆምም እስካልተናገረ ድረስ ስሙ አይወጣም። ያላችሁ ቅርብ ርቀት የሚያስስ ስካነር ብቻ ነው። የእህቴ ግራ እጅ ስካነሩን ከሚያስነሳው ቪ ፊደል ላይ አይነሳም፤ በየጥቂት ሰከንዱ ትነካታለች። ቀኝ እጇ የተቆለፈውን ሣጥን የመክፈቻ እንቆቅልሽ ይጫወታል። አንድ ማታ ከጎኗ ተቀምጬ ሳይ የሌላ ሰው መፈተሻዎች ስካነሯ ላይ ብቅ አሉ። እሷን ነው የሚፈልጉት። «ውጪ!» ብዬ ጮህኩ። «ቆይ አንድ ሣጥን ቀረኝ» አለች። አንዱ ሣጥን በላት። ሄሮኗ ተበታተነች። እሷ ሳቀች፣ ሌላ ሄሮን ገዛች። እኔ ውሃ ጠጣሁ።

ውጊያው ላይ ብዙ አልቆይም፤ እዚህ ያላችሁት ከኔ ትበልጡኛላችሁ። ለኛ አገር ሰው የሚሆን አንድ መልካምና አንድ ክፉ ዜና ብቻ ልንገራችሁ። መልካሙ፣ ሰርቨሩ ትእዛዝ የሚያስተናግደው በየ1 ሰከንዱ ነው። እንደ ተኩስ ጨዋታዎች በኢንተርኔት መዘግየት ብቻ አትሞቱም። ክፉው፣ ሰው ላይ ተኩሳችሁ መብራት ከሄደ መርከባችሁ አብራችሁ አትሄድም። 15 ደቂቃ እዚያው ትቆማለች፤ ያገኛት ይመታታል።

ሰዓትም ሥራ ይመርጣል። የጨዋታው ሰዓት የግሪኒች ነው። እኛ ከምሽቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ስንጫወት አውሮፓ ከሥራ ገብቶ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ኮርፖሬሽን፣ ማለትም የተጫዋቾች ማኅበር፣ ስትገቡ የአውሮፓ ሰዓት የሚጫወቱትን ፈልጉ። የአውስትራሊያ ሰዎች ጋ ብትገቡ እናንተ ስትመጡ እነሱ ተኝተዋል። በየቀኑ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ደግሞ ሰርቨሩ ለጥገና ለአጭር ጊዜ ይዘጋል። ምሳ እረፍታችሁን በዚያ ሰዓት አታድርጉት።

ደግሞ ሥራ ሲባል መተኮስና መቆፈር ብቻ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. ጥር 2014 ቢ-አር የሚባለው ታላቅ ጦርነት ተነሳ። ወደ አንድ ቀን በተጠጋው ውጊያ 75 ታይታኖች ወደሙ። ታይታን ማለት ከሁሉ ግዙፉ መርከብ ነው። ኪሳራው በእውነተኛ ገንዘብ ከ300,000 ዶላር በላይ ተገመተ። መነሻው ምን መሰላችሁ? የግዛት መያዣ ክፍያ በሰዓቱ አለመከፈሉ። ቢል! ቢል መክፈል የሚያስታውስ ሰው በዚያ ዓለም ጀግና ነው። ዲፕሎማትም ሥራ ነው። ሾን ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ እዚያ ውስጥ ከታወቁት ዲፕሎማቶች አንዱ ነበር። በውኑም ለአገሩ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 2012 ቤንጋዚ ውስጥ በደረሰው ጥቃት ሞተ። ተጫዋቾች በየግዛታቸው ያሉ ጣቢያዎችን በመጫወቻ ስሙ ሰየሙለት። ጠላቶቹ የነበሩትም ጭምር።

ዛሬ የምትጀምሩ ካላችሁ አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ በነፃ መጫወት ይቻላል፤ ስኪሉ ወሰን አለው እንጂ ለመሞከር ይበቃል። ወሰኑን የሚያነሳው ወርሃዊ ክፍያ ወደ 20 ዶላር ይፈልጋል፣ ለኛ ደግሞ ዶላሩ አንድ ጣጣ፣ ካርዱ ሌላ ጣጣ ነው። ሳትከፍሉ ሁሉንም ቅመሱ። ጨዋታው ራሱ አራት መንገድ ያሳያችኋል፦ አሳሽ፣ ኢንዱስትሪ፣ ሕግ አስከባሪና ቅጥረኛ ተዋጊ። አንዱን ሳምንት እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ሁኑ። መርከብ ስትገዙ ግን ሁለተኛዋን የምትገዙበት ገንዘብ ኪሳችሁ ውስጥ ይቅር።

ጥያቄ ያለው ኋላ ያለችውን እህቴን ይጠይቅ፤ ከኔ የበለጠ መርከብ አጥታለች። እኔ ዛሬ ማታ 3 ሰዓት ላይ ባጀሬን ጭኜ ወደ ጂታ እነሳለሁ። ግማሽ ጭነት ብቻ ነው፣ ኦቶፓይለት የለም። ለእናቴም ነግሬያታለሁ፤ ቡናው ከጉዞው በኋላ ይፈላል።

አመሰግናለሁ።