ተበከለ፣ ተያዘ፣ አመረቀዘ

[ምስል፦ አፈር የነካው የተላጠ ጉልበት]

ልጅ ሲሮጥ ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ እንበል። ቁስሉ ላይ አፈር አለ። አፈር ካለ ደግሞ ጀርም አይጠፋም። ታዲያ ይሄ ቁስል ምን ሆነ ይባላል? ተበከለ። ገና አላመረቀዘም።

ብክለት ማለት ጀርሙ ወይም ቆሻሻው ቦታው ላይ አረፈ ማለት ነው። በቃ። በዚህ ሰዓት ቶሎ ብሎ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ብዙ ጣጣ ያስቀራል። ጀርሙ ሥጋ ውስጥ ገብቶ መራባት ከጀመረ ግን ሰውነትም ውጊያ ይገባል። ዙሪያው ይቀላል፣ ይግላል፣ ያብጣል። ሌሊት ይጠዘጥዛል። መግል ይቋጥራል። አሁን አመረቀዘ። ሐኪሞች ኢንፌክሽን የሚሉት ይሄንን ነው። እዚህ ከደረሰ ባለሙያ ይየው።

[ምስል፦ የድሮ ማዋለጃ ክፍል]

ልዩነቱ በደንብ የሚታየው ቪየና ውስጥ፣ በ1847 እ.ኤ.አ. ነው። ዶክተር ኢግናዝ ዜመልቫይስ በሚሠራበት ማዋለጃ እናቶች በወሊድ ትኩሳት ያልቁ ነበር። በኤፕሪል ወር ከ100 ወላዶች 18 ያህሉ ሞቱ። ሐኪሞቹ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው በዚያው እጃቸው ያዋልዱ ነበር! ዜመልቫይስ በሜይ አጋማሽ ላይ «እጃችሁን በክሎሪን ውህድ ታጠቡ» አለ። በጁን ከ100 ወላዶች የሚሞቱት ቁጥር ወደ 2 ገደማ ወረደ።

ልብ በሉ። የሐኪሞቹ እጅ ተበክሏል፤ እነሱ ግን ደህና ናቸው። በበሽታው የተያዙት እናቶቹ ናቸው።

[ምስል፦ መርፌ፣ የደም ከረጢት፣ ከዚያ የሰው ፊት]

«በኤችአይቪ የተበከለ ሰው» ሲባል ጆሮ የሚቆረቁረውም ለዚህ ነው። መርፌ ይበከላል። ለሕክምና የተቀዳ ደም ይበከላል። ውኃና ምግብም እንዲሁ። ሰው ግን ይያዛል፣ ወይም ቫይረሱ በደሙ ውስጥ አለ ይባላል። ሰውን «የተበከለ» ማለት ከዕቃ ተርታ ማሰለፍ ነው። ተናጋሪው ክፉ ባያስብም ቃሉ ያቆስላል። ለጉንፋን ደግሞ ማንም እንዲህ አይልም፤ «አጋባብኝ» ብሎ ያልፋል።

ማመርቀዝ ከቁስልም አልፎ ይሄዳል። ቂም ያመረቅዛል። ሳይፈታ የከረመ ጠብም ያመረቅዛል። ወንዝ ግን የፈለገውን ያህል ቢቆሽሽ ተበከለ እንጂ አመረቀዘ አይባልም።