ቀበና ላይ ወራጅ አለ

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ይህን የጤና ቀን ያዘጋጃችሁ የኮሚቴ አባላት፣

ሰው ከጤናው ጋር የተያያዘ ልማዱን ለምንና እንዴት እንደሚለውጥ የሚያስረዱትን የጤና ባሕርይ ንድፈ ሐሳቦች ለብዙ ዓመታት ለተማሪዎች አስተምሬአለሁ። ለራሴ የተጠቀምኩባቸው ግን ባለፈው ዓመት፣ በባዶ ሆዴ የተለካው የደም ስኳሬ ከመደበኛው ከፍ ብሎ፣ ሚዛኑም 92 ኪሎ ባሳየ ጊዜ ነው።

እስከዚያ ድረስ ውፍረቴን እንደ ችግር አላየሁትም ነበር፤ እናቴም ባየችኝ ቁጥር «ተመስገን፣ ፊትህ ሞላ» ትለኝ ነበር። በ1950ዎቹ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ይሠሩ የነበሩ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ ሕዝቡ የሳንባ ነቀርሳን ለመለየት በነፃ ወደሚሰጠው የራጅ ምርመራ ለምን እንደማይመጣ ሲመረምሩ የጤና እምነት ሞዴል የተባለውን አወጡ። ሰው በሽታው እኔንም ያገኘኛል፣ ካገኘኝም ይጎዳኛል ብሎ ካላመነ፣ የሚወስደው እርምጃም ከድካሙ በላይ እንደሚጠቅመው ካልታየው፣ ምክር ብቻውን ከመቀመጫው አያስነሣውም። እኔን ያስነሣኝ ያ የላቦራቶሪ ወረቀት ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ትልቅ ስሕተት ሠራሁ። በሦስት ወር 20 ኪሎ እቀንሳለሁ ብዬ እንጀራን እርም አልኩ፤ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ በዘመድ ሠርግ ላይ አክስቴ «በሞቴ» እያለች ስታጎርሰኝ ዕቅዱ ፈረሰ። ራሴንም ቆራጥነት እንደሌለው ሰው ቆጠርኩት። ዛሬ ይህን ፍርድ አልቀበለውም። የሥነ ልቦና ባለሙያው አልበርት ባንዱራ በ1977 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት በራስ ችሎታ የማመን ጽንሰ ሐሳብ እንደሚያስረዳው፣ «እችላለሁ» የሚለውን እምነት ከሁሉም በላይ የሚያጠነክረው ሠርቶ ማየት ነው፤ የእኔ ግብ ግን በየሳምንቱ ውድቀትን ብቻ የሚያሳየኝ ነበር።

ስለዚህ የለወጥኩት ግቡን ነው። ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው የአሜሪካ የስኳር በሽታ መከላከል ጥናት፣ ለበሽታው የተቃረቡ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ በማገዝ፣ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸውን በ58 በመቶ ዝቅ አድርጓል። ከ92 ኪሎ 7 በመቶው ስድስት ኪሎ ተኩል ያህል ነው፤ ይህን እችለዋለሁ አልኩ።

150ውን ደቂቃ ያገኘሁት ከመንገዴ ላይ ነው። ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ የምሳፈርበት ታክሲ ቀበና ድልድይ ሲቃረብ «ወራጅ አለ» እላለሁ፤ ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ ማታ በእግሬ እመለስበታለሁ። ደርሶ መልሱ ግማሽ ሰዓት ነው። ልብ በሉልኝ፣ ውሳኔዬ «ብዙ እራመዳለሁ» የሚል ሳይሆን፣ የትና መቼ፣ ምን ብዬም እንደምወርድ አስቀድሞ የተቆረጠ ነው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያው ፒተር ጎልዊትዘር ለዓመታት ያጠኑትም እንዲህ ያለውን ዕቅድ ነው። ቤት ውስጥም ባለቤቴ ዘይቱን ከጄሪካኑ በግምት ማንቆርቆሯን ትታ በቡና ስኒ መስፈር ጀመረች፤ በጾም ሽሯችን ውስጥ ስንት ዘይት ይገባ እንደነበር ያየነው ያኔ ነው።

በፋሲካ ሁለት ኪሎ ተመለሰብኝ። የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ፕሮቻስካና ዲክሌሜንቴ ሰው ልማዱን ሲለውጥ የሚያልፍባቸውን የለውጥ ደረጃዎች ሲያስረዱ፣ ወደ ኋላ መንሸራተትን ከጉዞው እንደ አንድ ክፍል ይቆጥሩታል፤ ስለዚህ ከዳግማ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ እንደገና ቀበና ላይ ወረድኩ።

ዛሬ ጠዋት 86 ኪሎ ነበርኩ። በፕሮቻስካና ዲክሌሜንቴ አቆጣጠር ለውጡ ጸና የሚባለው ስድስት ወር ካለፈ በኋላ ነው፤ እኔ ገና አምስተኛውን ይዣለሁ። ከአዳራሹ በር ላይ ነርሶቻችን ሚዛንና የደም ግፊት መለኪያ ይዘው እየጠበቋችሁ ነው። ስትመዘኑ 7 በመቶው ለእናንተ ስንት ኪሎ እንደሚሆን አብራችሁ አስሉ፤ ነገ ከታክሲ የምትወርዱበትንም ቦታ እዚያው ወረቀት ላይ ጻፉ።

አመሰግናለሁ።