የኅዳር ጽዮን ዕለቱ ሽንፈት፦ ኦሃዮ ስቴት፣ ሚሺጋንና የአሰልጣኝ እልህ

ሜሮን፦ እንደምን ሰነበታችሁ? ከኮለምበስ ኦሃዮ ነው የምናወራችሁ፣ ስለ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድናችን። እኔ ሜሮን ነኝ፣ ጋሽ ታደሰም እንደ ሁልጊዜው አጠገቤ አሉ። ጋሼ፣ የ2025 ወቅት ሊጀመር ነው፣ ኦገስት 30 ቴክሳስ እዚህ እኛ ሜዳ ይመጣል። ከዚያ በፊት ግን ያቺን ቅዳሜ እናንሳት። ያለፈውን፣ የ2024ን ኖቬምበር፣ የሚሺጋንን ጨዋታ ማለቴ ነው።

ታደሰ፦ አንሺያት። እኔማ መቼ ጣልኳት! ቀኑ ኅዳር 21 ነበር፣ ኅዳር ጽዮን። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቆመን፣ ቅዳሴ እንዳለቀ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ቀጥታ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ጨዋታው እኩለ ቀን ላይ ነው የሚጀምረው። ሚሺጋን የዓመቱን ጨዋታ 6 አሸንፎ 5 ተሸንፎ ነው የመጣው። እኛ ደግሞ በአገሪቱ ሁለተኛ ነን። ገማቾች ወደ 20 ነጥብ ልዩነት ነበር የሰጡን። ከዚያ 13 ለ 10። በገዛ ሜዳችን!

ሜሮን፦ አራተኛ ዓመት በተከታታይ።

ታደሰ፦ 2021፣ 2022፣ 2023፣ 2024። አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ቆሜ ያደግሁ ሰው ነኝ። ጊዮርጊስና ቡና ሲገናኙ ሳምንቱን ሙሉ ሰፈሩ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። አሜሪካ ስመጣ እንደዚያ ያለ ነገር ከእንግዲህ አላይም ብዬ ነበር። እዚህ ከተማ የመጀመሪያዬ የኖቬምበር ሳምንት ላይ አንድ ደንበኛ ታክሲዬ ውስጥ ገብቶ የሚሺጋንን ስም ስጠራ ፊቱ ተለወጠ። እዚህ «ወደ ሰሜን ያለው ቡድን» ነው የሚባለው፣ ስሙ አይጠራም አለኝ። ያን ጊዜ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ።

ሜሮን፦ እኔ ተማሪ ሳለሁ በዚያ ሳምንት ግቢው ውስጥ ባለ ጽሑፍ ሁሉ ላይ «ኤም» የምትለዋ ፊደል በቀይ ቴፕ ትሰረዝ ነበር። የሕንጻ ስም ይሁን የመንገድ ምልክት፣ አትቀርም። ሚሺጋንን ላሸነፈ ተጫዋች ደግሞ የወርቅ ሱሪ ትሰጠዋለች። ከ1934 ጀምሮ ያለ ወግ ነው፣ በአንገት የምትንጠለጠል ትንሽ ጌጥ ናት። በ2021 የገቡት ልጆች፣ እነ ጃክ ሶየር፣ እነ ኤሜካ ኤግቡካ፣ ያቺን ሱሪ ሳያገኙ ነው የወጡት። ባለፈው ጃንዋሪ የአገር ዋንጫ አንስተዋል፣ ሱሪዋ ግን የለቻቸውም።

ታደሰ፦ እኔን የሚቆጨኝ እሱ ነው። ሶየር እኮ የዚሁ ልጅ ነው፣ ፒከሪንግተን፣ ከዚህ ግማሽ ሰዓት። የፈለገበት ዩኒቨርሲቲ መሄድ ይችል ነበር።

ሜሮን፦ እሺ፣ አሁን ክርክራችን። እኔ ያኔ ያልኩት፣ ዛሬም የምለው፣ የተሸነፍነው ምልመላ ላይ ነው። ላልለመዱ አድማጮቻችን ላስረዳ። የኮሌጅ ፉትቦል አሰልጣኝ ሥራው ግማሹ የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች ቤት መሄድ ነው። ሳሎን ቁጭ ብሎ እናትየዋን ማሳመን። ልጆቹ ከሁለት እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣቸዋል። እኛ ላለፉት ዓመታት አምስት ኮከብ ያላቸውን ሪሲቨሮች፣ የተወረወረች ኳስ የሚቀበሉትን፣ ስንለቅም ነበር። ጀርማያ ስሚዝን ከፍሎሪዳ አመጣን፣ በአገሪቱ የ2024 አንደኛ ተመልማይ። በጣም ጥሩ። ግን መሀል ላይ የሚገፉት፣ ከ300 ፓውንድ በላይ የሚመዝኑት ልጆችስ? እነሱ ላይ ሳስተናል። በ2021 ሚሺጋን ኳሷን ይዞ 297 ያርድ ሮጠብን። ሀሰን ሃስኪንስ ብቻውን አምስት ተችዳውን አገባ፣ ኳሷን አምስቴ የግብ መስመራችንን አሻገረ ማለት ነው። በ2022 ዶኖቫን ኤድዋርድስ በአንድ ጨዋታ 216 ያርድ ሮጠብን፣ አንዱን 75፣ አንዱን 85 ያርድ። ባለፈው ዓመት ደግሞ እነሱ 172 ያርድ ሲሮጡ እኛ 77። ይሄ የዕድል ጉዳይ አይደለም።

ታደሰ፦ ቁጥሩን አልክድም። ግን ልጄ፣ ባለፈው ዓመት ከሚገፉት ልጆች ግራ ጠርዝ ላይ የሚቆመው ሲመንስ በኦክቶበር ከኦሪገን ጋር ስንጫወት ተጎዳ። መሀል የሚቆመው ማክላክሊን ሚሺጋን ሊመጣ አስር ቀን ገደማ ሲቀረው ተረከዙ ላይ ጅማቱ ተበጠሰ። ሁለት ምሰሶ የተነቀለበት ቤት ነው። ይሄንንስ ምልመላ ነው የምትይኝ?

ሜሮን፦ ተቀያሪ አለመኖሩ ምልመላ ነው።

ታደሰ፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። ያው ቡድን፣ ሁለቱ ምሰሶዎች ሳይመለሱ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቴነሲን 42 ለ 17 መታ። ቀጥሎ ኦሪገንን 41 ለ 21፣ እንዲያውም 34 ለ 0 መርቶ ነበር። ከዚያ ቴክሳስን 28 ለ 14። ከዚያ ጃንዋሪ 20 አትላንታ ላይ ለዋንጫው ኖትርዳምን 34 ለ 23። ጉልበቱ ከሌለ እነዚህን በምን አሸነፈ?

ሜሮን፦ (ዝም ትላለች) ...ልክ ነው። እዚህ ላይ ብዙ አስቤበታለሁ።

ታደሰ፦ በይ።

ሜሮን፦ ያንን የሚሺጋን ጨዋታ በቀደም ድጋሚ አየሁት። በጣም ያማል፣ ግን አየሁት። በዓለም ላይ እንደ ስሚዝ ያለ ልጅ ጠርዝ ላይ ቆሞ፣ እኛ ኳሷን ይዘን መሀል ለመሀል እንገፋለን። ሚሺጋን የሚበረታው እዚያው መሀል ነው። እንደገና እንገፋለን። አይሆንም። እንደገና። ስሚዝ ያን ቀን ያገኘው 35 ያርድ ብቻ ነው። ከአንድ ወር በኋላ ከኦሪገን ጋር 187 ያርድ! ልጁ ያው ልጅ ነው።

ታደሰ፦ እና ምን ተለወጠ?

ሜሮን፦ እልህ ነበር፣ ጋሼ። ለስላሳ ናችሁ፣ አትገፉም ተብለዋላ። ሚሺጋን ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ አላቸው። በ2023 ሉ ሆልዝ፣ የኖትርዳም የድሮ አሰልጣኝ፣ በአደባባይ ተናገረው። አሰልጣኛችን ራያን ዴይ ኖትርዳምን 17 ለ 14 አሸንፎ ሜዳው ላይ ማይክ ሲሰጠው መጀመሪያ ያነሳው ሽማግሌውን ነበር። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያን ቀን ነው ልፈራ የሚገባኝ። ስድቡ ውስጡ ገብቷል። በኖቬምበር የተጫወተው ለማሸነፍ ሳይሆን ለስድቡ መልስ ለመስጠት ነው።

ታደሰ፦ (ረጅም ትንፋሽ) አየሽ፣ እኔ ይሄን ነገር ከድሮም ሰምቼዋለሁ። ዉዲ ሄይስን ታውቂያለሽ፣ የኛው ትልቁ አሰልጣኝ። በ1969 በተከታታይ 22 ጨዋታ አሸንፎ ሚሺጋን ሜዳ፣ አን አርቦር ሄደ። ሚሺጋን አዲስ አሰልጣኝ ቀጥሯል። ማንን? ቦ ሸምቤክለርን። የዉዲ ተማሪ፣ የዉዲ ረዳት የነበረ፣ ባርበርተን ኦሃዮ የተወለደ። 24 ለ 12 አሸነፈው። ከዚያ አስር ዓመት ተናነቁ። ቦ አምስት፣ ዉዲ አራት፣ አንዴ እኩል ወጡ። ቤትሽን የሚያውቅ ተፎካካሪ ከቤትሽ ሲወጣ እንዲህ ነው።

ሜሮን፦ የነሱ ታላላቆች እኮ ከኛ ግዛት ነው የወጡት። ዴዝመንድ ሃዋርድ የክሊቭላንድ ልጅ ነው። ቻርልስ ዉድሰን ከፍሪሞንት። ሁለቱም ሄይዝማንን፣ የዓመቱን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት፣ ለሚሺጋን አነሱ፣ በ1991 እና በ1997። እኔ ለዚህ ነው ምልመላ የምለው። ፍሎሪዳና ቴክሳስ ስንበር በራችን ላይ ያለውን እንዳናጣ።

ታደሰ፦ በዚህ እስማማለሁ። ደግሞ ከቴክሳስ የመጣውን ልጅ እስቲ አስታውሺ። ኩዊን ዩወርስ፣ ኳርተርባኩ፣ ኳስ ወርዋሪው።

ሜሮን፦ አዎ! ይሄን ለአድማጮች እንንገር። በጁላይ 2021 ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቀደላቸው፣ ኤን አይ ኤል የሚባለው። ዩወርስ የሃይ ስኩል የመጨረሻ ዓመቱን ትቶ ቶሎ እዚህ መጣ። ከሚሊዮን ዶላር በላይ ውል እንዳለው ተወራ። በዓመቱ ውስጥ ሜዳ የገባው ለሁለት እንቅስቃሴ ብቻ ነው፣ ሚሺጋን ስቴትን 56 ለ 7 ስናሸንፍ። ከዚያ በትራንስፈር ፖርታል፣ ተጫዋቾች ዩኒቨርሲቲ በሚቀይሩበት መንገድ፣ ወደ ቴክሳስ ሄደ።

ታደሰ፦ የክፍል ጓደኛው ማን ነበር? ሶየር! አንድ ክፍል ነው የሚያድሩት። ባለፈው ጃንዋሪ፣ 21 ለ 14 እየመራን፣ ቴክሳስ በራችን ላይ ደርሷል፣ አንድ ያርድ ነበር የቀራቸው። ወደ ኋላ ገፋናቸው። አራተኛውና የመጨረሻው ሙከራ ላይ ሶየር ዩወርስን ይዞ ኳሷን አስጣለው፣ አንስቶ 83 ያርድ ሮጠ። እኔ ቤቴ ውስጥ አለቀስኩ። ገንዘቡን ይዞ የሄደው በአንድ በኩል፣ የሰፈሩን ቡድን ይዞ የቀረው በሌላ በኩል።

ሜሮን፦ ዩወርስንም ግን አልፈርድበትም። 18 ዓመቱ ነበር፣ ከፊቱ በዚያው ቦታ የሚጫወተው ሲ ጄ ስትራውድ ነበር። መጫወት የሚፈልግ ልጅ ይሄዳል። እኛም በዚያው በር ነው ያመጣነው፦ ኬለብ ዳውንስን ከአላባማ፣ ጁድኪንስን ከኦል ሚስ፣ ዊል ሃዋርድን ከካንሳስ ስቴት። የኛው የስፖርት ዳይሬክተር ራሱ ያ ቡድን 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደፈጀ ተናግሯል። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በቀጥታ ይከፍላሉ፣ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን። ልጆቹ ሲያገኙ ደስ ይለኛል። መቶ ሺህ ሰው ስታዲየም ሞልቶ፣ አሰልጣኙ ሚሊዮኖች እየወሰደ፣ ልጁ ባዶ እጁን የሚሰበርበት ዘመን ልክ አልነበረም።

ታደሰ፦ እሱማ ግፍ ነበር። ግን አሁን ሚሺጋንን እይ። ብራይስ አንደርዉድ፣ የ2025 አንደኛ ተመልማይ፣ ኳርተርባክ፣ የቤልቪል ሚሺጋን ልጅ። ለሉዊዚያና ስቴት፣ ለኤል ኤስ ዩ፣ ቃል ገብቶ ነበር። ከኛ ጋር ሊጫወቱ ዘጠኝ ቀን ሲቀራቸው አስቀየሩት። በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ነው የተወራው።

ሜሮን፦ እኔን የሚገርመኝ እሱ ነው። እነሱ ዘንድሮ እኛን ሊሆኑ ነው፣ በአንድ ኮከብ ልጅ ሊያሸንፉ። ለኛ ጥሩ ዜና ይመስለኛል።

ታደሰ፦ አትናቂው። ገና ልጅ ቢሆንም ክንዱን አይቻለሁ፣ ያስፈራል።

ሜሮን፦ አልናቅሁም። በኖቬምበር መጨረሻ ግን ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው። አሁን ወደ አሰልጣኞቻችን። ኖውልስ፣ መከላከሉን ይመራ የነበረው፣ ዋንጫውን ባነሳን በሳምንት ውስጥ ፔን ስቴት ሄደ። ማጥቃቱን ይመራ የነበረው ቺፕ ኬሊ ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ ወደ ላስ ቬጋስ። በቦታቸው ብራያን ሃርትላይን አድጓል፣ የካንተን ልጅ፣ የኛው ሪሲቨር የነበረ። እሱ ላይ ጥያቄ የለኝም፣ በምልመላ እሱን የሚያክል የለም። ለመከላከሉ ግን ማት ፓትሪሺያ።

ታደሰ፦ ዲትሮይት ላይ አልተሳካለትም።

ሜሮን፦ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ አልተሳካለትም። በምክትልነት ኒው ኢንግላንድ ሦስት ሱፐር ቦውል፣ የፕሮፌሽናሉን ሊግ ዋንጫ፣ አግኝቷል። የኔ ሥጋት ሌላ ነው። ለረጅም ዘመን ከአዋቂዎች ጋር የሠራ ሰው የ16 ዓመት ልጅ ሳሎን ቁጭ ብሎ ምን ይላል? ግን ሚሺጋንም ያደረገው ይሄንኑ ነው። በ2020 ሁለት አሸንፎ አራት ተሸንፎ አሰልጣኛቸውን ሃርቦን ሊያባርሩት ሲባል አላባረሩትም። ደመወዙን ቀነሱ፣ ረዳቶቹን ቀየሩ፣ ማይክ ማክዶናልድን ከፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ ከባልቲሞር ሬቨንስ አመጡ። በዓመቱ እኛን 42 ለ 27 አሸነፉን። ከዚያ በ2023 ዋንጫውን።

ታደሰ፦ የዚያ ዓመት ዋንጫ የምልክት ስርቆት፣ የተጋጣሚን የጨዋታ ምልክት የመስረቅ፣ ክስም አለበት፣ አትርሺ።

ሜሮን፦ አልረሳሁም። ሜዳ ላይ ግን መሀሉን የገፉት በምልክት አይደለም። እኔ የምለው፣ ያን ኅዳር ብዙ ሰው ዴይ ይባረር ሲል ጋሼ አይሆንም ብለው ነበር። ያኔ ተናድጄብዎት ነበር። ይቅርታ ይደረግልኝ።

ታደሰ፦ ኧረ ምንም አይደል! እኔ የቀድሞ አሰልጣኛችንን ጆን ኩፐርን አይቻለሁ። በ13 ዓመት ሚሺጋንን ሁለቴ ብቻ ነው ያሸነፈው፣ አስሬ ተሸነፈ፣ አንዴ እኩል። ተባረረ፣ ልክ ነበር። ከዚያ ትሬስልን ቀጠሩ፣ ከያንግስታውን ስቴት፣ ከትንሹ ሊግ። ስንቱ ሰው ማነው ይሄ ብሎ አጉረመረመ መሰለሽ። የመጀመሪያ ቀን የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ከ310 ቀን በኋላ አን አርቦር ላይ በቡድናችሁ ትኮራላችሁ አለ። ቀኑን ቆጥሯል! ሄዶም አሸነፈ። ግን ትሬስል ሳይጮህ ነው ያደረገው። ዴይም ቴነሲን ሲገጥም እንደዚያ ነበር፣ ኳሷን ለስሚዝ ወርወር፣ አለቀ። ዘንድሮም ይሄንኑ ነው የምፈልገው።

ሜሮን፦ በመጀመሪያው ሙከራ መሀል ለመሀል ከገፋን?

ታደሰ፦ አንዴ እታገሳለሁ። ሁለተኛ ከሆነ ተነስቼ እወጣለሁ።

ሜሮን፦ ዘንድሮ ኖቬምበር 29 አን አርቦር ነው። ኅዳር 20፣ የጽዮን ዋዜማ።

ታደሰ፦ ጾሙ ገብቷል ማለት ነው። ሽሮውን እኔ ቤት እንሠራለን፣ አንቺ ቆሎ ይዘሽ ነይ። ወንድሜ ቤት ግን ሁለተኛ አልሄድም፣ ያ ሶፋ አይቀናንም።

ሜሮን፦ በሰዓቱ እመጣለሁ። ቀዩን ቴፕም ይዤ።